ከድር ድምፅ ሲያስታርቅ

እናንተ፣ ሙዚቃ ሚክስ የሚያደርግ ወዳጅ አላችሁ? ከሌላችሁ ተመስገን በሉ። እኔ ግን እዚሁ ሮቤ ከድር የሚባል አለኝ። ከድር ሁለት ድምፅ አንድ ቦታ ተገናኝቶ በሰላም ያልፋል ብሎ አያምንም። «ተጋጭተዋል!» ይልና ኮምፒውተሩ ላይ ድምፅ የሚያስተካክል ፕለጊን ይጭናል። ከዚያ ፕለጊኑ ያበላሸውን የሚያስተካክል ሌላ ፕለጊን፣ ያንን ደግሞ የሚጠብቅ ሦስተኛ።

ባለፈው ኦቦ ቶላ ከሲናና መጡ። ስንዴ ገበሬ ናቸው፤ በአካባቢያቸው የተጣላ ሁሉ ለሽምግልና የሚጠራው እሳቸውን ነው። ስለ ፈረሳቸው የዘፈኑትን ከድር ቀድቶላቸዋል።

«አባባ፣ የእርስዎ ድምፅና ቤዝ ጊታሩ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ እየተጋፉ ነው» አላቸው፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው።

«ታዲያ አስታርቀን!»

ከረፋድ እስከ ምሳ ሰዓት ተጋፋ ያለውን ድምፅ ሁሉ በኮምፒውተሩ ቆረጠ። ከቤዙ ጋር ሲታረቁ ከከበሮው ተጣሉ፤ ከከበሮው ሲታረቁ ከኪቦርዱ። እኔማ ሥጋ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

በመጨረሻ ዘፈኑን ከፈተልን። ቤዙም ከበሮውም ጥርት ብለው ይሰማሉ። ኦቦ ቶላ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ጠበቁ፣ ጠበቁ። ዘፈኑ አለቀ።

«ልጄ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?»

«አባባ፣ ከሁሉም ጋር የሚጋጩት እርስዎ ሆነው ተገኙ። ትንሽ ትንሽ ስቆርጥ አለቁብኝ። አሁን ግን ምንም ግጭት የለም!»

ኦቦ ቶላ ባርኔጣቸውን አንስተው ተነሱ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ባልና ሚስት ሳስታርቅ፣ አንዱን ገድዬ ሰላም ወረደ ብዬ አላውቅም።»