የራሱን በር የሚያንኳኳ ሰው

[ወላይታ ሶዶ፤ 1996 ዓ.ም.፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። የፊዚክስ መምህሩ ኤርሳዶ በየቀኑ እንደሚያደርገው የገዛ ቤቱን በር ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ በጆሮው ያደምጣል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጥ የሚስቱ ታናሽ እህት ሜላት ወረቀትና እስክሪፕቶ ይዛ ተቀምጣለች። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ጸሐፊ ናት። ረጋ ብላ ስለምትናገር ቤተሰቡ «ዘገምተኛዋ» ይላታል።]

ኤርሳዶ፦ ቤቶች! … ቤቶች! … ኧረ በጌታ፣ ሰው የለም?

ሜላት፦ በሩ ክፍት ነው፣ ጋሼ።

ኤርሳዶ፦ [ላቡን እየጠረገ ይገባል] ክፍት መሆኑንማ አየሁት! እኔ የጠየቅሁት ሰው አለ ወይ ብዬ ነው። ለምን ቶሎ አልመለስሽም?

ሜላት፦ የራስዎ ቤት ስለሆነ ሲደክምዎ ይገባሉ ብዬ ነው።

ኤርሳዶ፦ ማንኳኳት ሥልጣኔ ነው!

ሜላት፦ የጎረቤታችን የዘነቡ ባል ግን ዝም ብለው ነው ቤታቸው የሚገቡት።

ኤርሳዶ፦ እሱ ሸቀጥ ነው የሚያውቀው፤ እኔ ፊዚክስ! ድምፅ በሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ይጓዛል። ከበሩ እስከ አንቺ ጆሮ ሦስት ሜትር ነው። ታዲያ የት ቆመ?

ሜላት፦ ሊያርፍ ይሆናል።

ኤርሳዶ፦ ስሚኝ፣ ሜላት። ሰው ሲጠይቅሽ መልሺ! ተጠይቆ ዝም ማለት ነውር ነው። ስንት ጊዜ ነው የማስተምርሽ?

ሜላት፦ አንዴ ይበቃል፣ ጋሼ። ከነገሩኝ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ እመልሳለሁ።

ኤርሳዶ፦ በይ ቅጹን አምጪው። ሽማግሌዎቹ ነገ ነው የሚመርጡት?

ሜላት፦ ነገ ከአምልኮ በኋላ። የፊልም ኮሚቴ ሰብሳቢ የሚሆነው ሰው ለወጣቱ የሚታየውን ፊልም አስቀድሞ ያየዋል። ቴሌቪዥኑና የቪዲዮ ማጫወቻው ዴክም እሱ ቤት ይቀመጣሉ።

ኤርሳዶ፦ [ወደ ጥጉ እያየ] እዚያ ነው የሚቀመጡት። ትናንት ለክቼዋለሁ። የቡና ረከቦቱ ይነሳል።

ሜላት፦ ሌላው ዕጩ አቶ ኤርካሎም ለክተዋል ይባላል።

ኤርሳዶ፦ ኤርካሎ! ያ ሰው ፊልም ሲያይ የሚተኛ ነው! [ወረቀቱን ይነጥቃትና ከታች ይፈርማል] በመጀመሪያ ፊርማ።

ሜላት፦ ገና ምንም አልተጻፈበትም እኮ።

ኤርሳዶ፦ ለዚህ እኮ ነው የፈረምኩት! አንቺ ቀስ ስትዪ ይመሻል። ዕወቂ ደግሞ፤ እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ሥርዝ ድልዝ አልወድም። ሥርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም! ጥያቄው ምንድን ነው?

ሜላት፦ [ታነባለች] «ራስዎን ይገምግሙ። እስከ ዛሬ ካዩት ፊልም እጅግ ያስፈራዎት የትኛው ነው? ምንስ አደረጉ?»

ኤርሳዶ፦ ጻፊ፦ «ያስፈራኝ ፊልም የለም።»

ሜላት፦ ምንም?

ኤርሳዶ፦ ኸይሩ ሱቁ ጀርባ ቪዲዮ ቤት በነበረው ጊዜ ስንቱን አየሁት! ሬሳ ከመቃብር ወጥቶ ከተማ ሙሉ ሰው ያሳደደበትን አይቻለሁ።

ሜላት፦ ሬሳው ለምን ወጣ?

ኤርሳዶ፦ ቂም ይዞ ነዋ!

ሜላት፦ ዕድር አልነበረውም?

ኤርሳዶ፦ ምን?

ሜላት፦ ድንኳን ተተክሎለት፣ ሰው ሦስት ቀን ቢቀመጥለት እኮ ይረጋ ነበር። ዝም ብለው ቀብረውት ሄደው ነው።

ኤርሳዶ፦ አንቺ ልጅ! ሌላም አለ። ሰባት ወጣቶች ጫካ ውስጥ አንድ ባዶ ቤት ያድራሉ። ምድር ቤት የሆነ ነገር ሲንኳኳ አንዱ ብቻውን ይወርዳል፤ አይመለስም። ሁለተኛው ብቻውን ይወርዳል፤ አይመለስም።

ሜላት፦ ጎረቤት አይጠሩም?

ኤርሳዶ፦ ፈረንጅ ጎረቤት የለውም! ደግሞም ሰውየው ምሳር ይዞ በሩን ሰባብሮ ነው የሚገባው።

ሜላት፦ ሳያንኳኳ?

ኤርሳዶ፦ … ሳያንኳኳ።

ሜላት፦ ሥልጣኔ የለውም ማለት ነው። ኸይሩ ግን «መምህር ፊልሙን በጀርባቸው ነው የሚያዩት» ይላል።

ኤርሳዶ፦ ተመልካቹን እያጠናሁ ነበር! ሁሉም ወደ ፊልሙ ካየ ሕዝቡን ማን ያያል?

ሜላት፦ አግዳሚ ወንበሩ ሥርም ገብተዋል ይላል።

ኤርሳዶ፦ ጫማዬን ፍለጋ ነው!

ሜላት፦ ጫማዎ እግርዎ ላይ ነበር ይላል።

ኤርሳዶ፦ ፍለጋው ለዚያ ነዋ የቆየው! በቃ ጻፊ፤ «የለም» በዪ።

ሜላት፦ እጽፈው ነበር፤ ግን ሽማግሌዎቹ «የለም» ያለውን ሰው እንሰርዘዋለን ብለዋል። ምንም የማይፈራ ሰው ልጆቹን ምን እንደሚያስፈራቸው በምን ያውቃል ብለው ነው።

ኤርሳዶ፦ [ይነሳል፤ ይቀመጣል] ኤርካሎ ምን አለ?

ሜላት፦ ስለተኛሁ አላስታውስም ብለዋል።

ኤርሳዶ፦ አየሽ! እንግዲያው እኔ የምፈራውም መንፈሳዊ ነው። ጻፊ። ከሁለት ዓመት በፊት በአዳራሻችን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ አንሶላ ላይ የታየው ፊልም። ስለ ንጥቀት።

ሜላት፦ [እየጻፈች] ጌታ የራሱን ሰዎች ድንገት ወደ ሰማይ ሲወስድና ሌላው ሲቀር?

ኤርሳዶ፦ እሱ! ሰውየው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የለችም። ልብሷ ወንበር ላይ ነው፤ ድስቱ ይንተከተካል። ይጣራል፤ የሚመልስለት የለም። ደም የለ፣ ምሳር የለ፤ ቤቱ ዝም ብሏል፤ ያ ብቻ።

ሜላት፦ እዚያው ፈሩ?

ኤርሳዶ፦ እዚያማ ኮራ ብዬ ነው ያየሁት! ያስፈራኝ ቤቴ ስመጣ ነው። በሩ ወለል ብሏል። ሚስቴን «አሳየሽ!» ብዬ ጠራኋት፤ ዝም። የአምልኮ ቀሚሷ ወንበር ላይ ተዘርግቷል። ጫማዋ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ መደብ ላይ። የቦዬው ሥራሥር ምድጃ ላይ ይንተከተካል።

ሜላት፦ ጎረቤትስ?

ኤርሳዶ፦ ዘነቡ ቤት ሮጥኩ፤ ባዶ። ቶማ ቤት፤ ባዶ። ግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ አንድ አውራ ዶሮ ብቻ! እሱም አይን አይኔን ያየኛል። «አንተም?» የሚለኝ ነው የመሰለኝ።

ሜላት፦ [እየጻፈች] «አንተም…»

ኤርሳዶ፦ መንገድ ስወጣ ኤርካሎን አገኘሁት።

ሜላት፦ ሽማግሌ እኮ ናቸው! እሳቸው ካሉ ንጥቀት አይደለም ብለው አልተጽናኑም?

ኤርሳዶ፦ ኧረ ባሰብኝ! እሱ እንደሚቀር ድሮም አውቅ ነበር። ይሄንን አትጻፊ።

ሜላት፦ እሺ።

ኤርሳዶ፦ ኸይሩ ሱቁ ላይ ተረጋግቶ ስኳር ይመዝናል። «ኸይሩ፣ ሰው ሁሉ የት ሄደ?» ብለው፣ «ሮጠው ሄዱ፤ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው» አለኝ። በዚያ ላይ አዝኖልኝ ከረሜላ ሰጠኝ።

ሜላት፦ በሉት?

ኤርሳዶ፦ በዚያ ሰዓት ከረሜላ ይዋጣል? ቤቴ ተመለስኩና በጉልበቴ ወደቅኩ። በአማርኛ የጀመርኩትን ጸሎት «ጦሳው! ጦሳው!» እያልኩ በወላይትኛ ጨረስኩት። ኃጢአቴን አንድ በአንድ ተናዘዝኩ፤ ከዚያ «ምን ላድርግ?» ብዬ ጮህኩ። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ያኔ ነው ድምፅ የሰማሁት።

ሜላት፦ ምን ዓይነት ድምፅ?

ኤርሳዶ፦ ከላይ! ወፍራም፣ የሚንቀጠቀጥ፤ እንደ ነጎድጓድ! ጻፊው፣ በትልቁ ጻፊው! ኤርካሎ በዕድሜው ድምፅ ሰምቶ ያውቃል? ዴኩ የእኛ ነው!

ሜላት፦ ድምፁ ምን አለዎት?

ኤርሳዶ፦ «የበላኸውን መልስ።»

ሜላት፦ ምን በልተው ነበር?

ኤርሳዶ፦ እሱን ተዪው።

ሜላት፦ ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ እኮ። ሰው በልቶ እንዳይመስላቸው።

ኤርሳዶ፦ ሰው?! ቅቤ ነው እንጂ! ለጊፋታው ምግብ ለሙቹዋ አሳየሽ ዓመት ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ያጠራቀመችው ቅቤ። ማታ ማታ በማንኪያ … ትንሽ በትንሽ … እንስራው ራሱ ነው የጨረሰው ማለት ይቻላል። ግን መልሻለሁ! ከቤሌ ገበያ ገዝቼ፣ ማንም ሳያይ ሞላሁት። ይኸውም ይጻፍ፣ ታዛዥ መሆኔ ይታወቅ። የቅቤውን ግን እንዳትጽፊ፣ አደራ! «የበላኸውን» ብቻ በዪ።

ሜላት፦ ሰው ሁሉ ግን የት ሄዶ ነበር?

ኤርሳዶ፦ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ የቦኖው ውሃ መጥቶ! አሳየሽ ቀሚሷን አውልቃ ጥላ ነው የሮጠችው። ጄሪካን አዝላ ስትመጣ ሳያት ነው የተረጋጋሁት፤ ሰማይ ቤት ጄሪካን የለማ። ድምፁ ግን የእውነት ነበር።

ሜላት፦ የእውነት ነበር። [እስክሪፕቶዋን ታስቀምጣለች] ድምፁ ያለው ግን ሁለት ነገር ነው። «የበላኸውን መልስ፤ ልጅቷንም ይቅርታ ጠይቅ።»

ኤርሳዶ፦ [ብድግ ብሎ] ይህንን … ይህንን ለአሳየሽ እንኳ አልተናገርኩም! አንቺ በምን አወቅሽ? ራእይ ታያለሽ?

ሜላት፦ ወባ ነበረብኝ።

ኤርሳዶ፦ ምን?

ሜላት፦ ያን ጊዜ ቅቤው ሲጎድል «ከሜላት በቀር ማን ይበላዋል» ተብዬ ዲምቱ ያለችው አክስቴ ጋ ተላክሁ። እዚያ ወባ ያዘኝና ያን ቀን ጠዋት ተመለስኩ። እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ አስተኛችኝ።

ኤርሳዶ፦ ድምፁ እኮ ነጎድጓድ ነበር!

ሜላት፦ ሦስት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር።

ኤርሳዶ፦ ይንቀጠቀጥ ነበር!

ሜላት፦ እኔም እንቀጠቀጥ ነበር።

ኤርሳዶ፦ ከላይ ነው የመጣው!

ሜላት፦ እርስዎ መሬት ላይ ነበሩ።

ኤርሳዶ፦ [ይቀመጣል] ምን አግብቶሽ መለስሽልኝ?

ሜላት፦ «ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁ። ተጠይቆ ዝም ማለት ነውር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ኤርሳዶ፦ ታዲያ … ታዲያ ቅቤው ተመልሷል! ነገሩ አለቀ!

ሜላት፦ ቅቤው ሲመለስ እህቴ ምን እንዳለች ሰምተዋል? «አየኋት፤ የሰረቀችውን ፈርታ መለሰች» አለች። ከዚያ ወዲህ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። እኔ ወደ ጓዳ ስገባ ዘነቡ እንኳ ታስላለች። ሁለተኛውን ነገር ሁለት ዓመት ጠበቅሁት፣ ጋሼ። ዛሬ ያንኳኳሉ፣ ነገ ያንኳኳሉ፤ «ቤቶች» ይላሉ እንጂ …

[ኤርሳዶ የቡና ረከቦቱን ጥግ ያያል፤ መሬት ያያል።]

ኤርሳዶ፦ ሜላት … ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሜላት፦ አድርጌያለሁ። ትኩሳቱ ሲበርድልኝ ነው ያደረግሁት።

ኤርሳዶ፦ ተባረኪ! አሁን ወረቀቱን አምጪ፤ እናስተካክለው። ፈሪ በይኝ፤ ወንበር ሥር ገባ በዪ፤ ዶሮ ፈራ በዪ! ዴኩም ኤርካሎ ቤት ይሂድ፣ እዚያው አብሮት ይተኛ! አሳየሽ ይህን ወረቀት ይዛ ነው ለሽማግሌዎች የምታደርሰው። «የበላኸውን» የሚለውን ብቻ አውጪልኝ!

[በሩ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። አሳየሽ ናት፤ ከባሏ ለምዳዋለች። ኤርሳዶ ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል።]

ሜላት፦ አይመልሱላትም?

ኤርሳዶ፦ [በሹክሹክታ] ሰርዢው!

ሜላት፦ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም። ከፊርማዎ በላይ አንድ መስመር ባዶ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ሞልቼዋለሁ። [ወደ በሩ] ግቢ፣ እታለም! ሰው አለ! [ጎላ አድርጋ ታነባለች] «ቅቤውን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ሜላት አይደለችም። ኤርሳዶ።»