ከሥሩ የሚለወጥ ግሥ

የበደለኝ አስተርጓሚው ሽፈራው ነው። አስቀድሜ ይኼን ልናገርና ልቤ ይረፍ፤ ወጉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቋንቋ ሁሉ እንደ አማት ነው፤ ባመሉ ካልያዙት ደጁን አያስረግጥም። ያኔ በደርግ ጊዜ፣ ሀዋሳን አዋሳ ስንላት፣ የኩባ ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያችን ሲመጡ አንዷ ነርስ ከሰጠችኝ መጽሐፍ እስፓኒሽ ብቻዬን ለቀምኩ። አንዳንዱ ግሳቸው ወዳለፈ ጊዜ ሲሻገር ጉደኛ ነው። «እኔ» ወይም «አንተ» ሲባል ሥሩ ንቅንቅ አይልም። «እሱ»፣ «እነሱ»፣ ደግሞም «እርስዎ» ሲባል ግን ከሥሩ ይለወጣል፤ ሰው ዞር ሲል ሲወራበት እንደሚለወጠው። «ዶርሚ» ተኛሁ፤ «ዱርሚዬሮን» እነሱ ተኙ። ይኼን ታቦር ሰፈር ተቀምጣችሁ ብቻችሁን ድረሱበት እስቲ!

አንድ ቀን አማቴን ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው አድሮ ወደ ጤና ጣቢያው ይዣቸው ሄድኩ።

«ጓድ ሽፈራው፣ ይተዉ፣ ለሐኪሙ እኔው እነግረዋለሁ» አልኩ። ፊቱ ጠቆረ፤ እንጀራው ላይ የመጣሁበት መሰለው። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «ኖ ዱርሚዬሮን»፣ አልተኙም፤ «ፒዲዬሮን አግዋ»፣ ውሃ ውሃ አሉ፣ አልኩ። ሥሩን አሳምሬ ነው የለወጥኩት። እስቲ ፍረዱኝ፣ አማቷን «አልተኛችም» የምትል ምራት የት አለች? በኛ አገር አንዲት አማት ብዙ ናት። እዚያ ማዶ ግን «ዱርሚዬሮን» ማለት በቃ ብዙ ሰው ነው።

ሐኪሙ ደንግጦ ሽፈራውን በጥድፊያ አንድ ነገር ጠየቀው፤ አልያዝኩትም።

«ምን አለ?»

«ቤተሰቡን በሙሉ አምጪ አለሽ።»

በረርኩ። ባሌን ከመሥሪያ ቤቱ፣ ልጆቹን ከክፍላቸው ለቃቅሜ ስመለስ አማቴ ሆዳቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ናቸው፤ ሌላው በሽተኛ ሁሉ ቀድሟቸው ገብቷል። ሐኪሙ ደህነኞቹን ቤተሰቦቼን አየና፣ አሁን ለኔ ቀስ ብሎ ጥያቄውን ደገመው። ለካስ «ሌሎቹ በሽተኞች የት አሉ?» ነበር ያለው! «አንዲት ናቸው» ብዬ በጣቴ አሳየሁት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ አማቴን አስገባቸው።

«እኔን ነው እንዲህ ያበዛሽኝ፣ ልጄ?» አሉኝ በበሩ ሲያልፉ።

ወደ ሽፈራው ዞርኩ። «ሜንቲስቴ!» አልኩት፤ ዋሸህ።

ሽፈራው ሰዉ ሁሉ እየሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ተሳሳትሽ፣ እህቴ! "ሚንቲዮ" ነው የሚባለው፤ ሥሩ ይለወጣል።»

«እሱ ለ"እርስዎ" ነው። አንተ፣ ሜንቲስቴ።»