ደምሴ አልተቃወመም

ዝም ያለውን ሁሉ ተስማምቷል ብሎ የሚመዘግብ ሰው እናንተ ሰፈር የለም? እኛ የቆቦዎቹ አለን፤ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ካሳው ነው። «ተቃውሞ ያለው?» ይልና አፋችንን ሳንከፍት «ጸድቋል» ይላል። ሳስነጥስ እንኳ ሁለት ድምፅ አድርጎ ሳይቆጥርልኝ አይቀርም።

ባለፈው ዓመት፣ «አባል ሲሞት፣ በሕይወቱ እምቢ ካላለ፣ የዐይን ብሌኑን ማየት ለተሳናቸው እንደሰጠ ይቆጠራል» አለ። በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የቆቦ ሙቀት አፍ አያስከፍትም፤ ዝም አልን። ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የሞተው ጎረቤቴ ደምሴ ነው። አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ ብሌን የምትወስደው ባለሙያ ሳጥኗን ይዛ ደረሰች። ሰዓቱ ካለፈ ብሌኑ አይጠቅምም። የደምሴ ወንድሞች ደግሞ «አስከሬኑን አናስነካም» ብለው ዱላቸውን ጨብጠው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ቃለ ጉባኤው ይኸው፤ ደምሴ አልተቃወመም» አለ ካሳው።

የደምሴ ሚስት ዘነቡ ለቅሶዋን አቋረጠች። «ተኝቶ ነዋ። ደምሴ መቼ ስብሰባ ላይ ነቅቶ ያውቃል?»

የሚስቅ ጠፋ። ዱላዎቹ ከፍ አሉ። ባለሙያዋ ሊቀመንበሩን ገፋ አድርጋ አለፈችና ዘነቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ዘነቡ ዝም አለች። ካሳው አፉን ሲከፍት ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት፤ ይህንንም ዝምታ ሊያጸድቀው ነበር።

«አሁን ገና ተጠየቅሁ» አለች በመጨረሻ። «ውሰዱ፤ ሰው ይይበት። ብቻ ለሚቀበለው ሰው ንገሩት፤ የደምሴ ዐይኖች ሊቀመንበር ሲናገር መከደን ለምደዋል።»