የአቶ ቬርነር የጥፋት ኬክ

«እስቲ ቆይ፣ አንድ እርምጃ ተመለስ» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። የእኛው ክቡር አቶ ቬርነር ናቸው።

በዴንማርክ፣ ዩትላንድ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልጆች እየገጣጠሙ ለሚጫወቱባቸው መጫወቻዎች የአገጣጠም መመሪያ እናዘጋጃለን። ድሮ በወረቀት ነበር፤ አሁን በታብሌት ነው። ልጁ ስክሪኑን በጣቱ ሲነካው የሚገጣጥመው መኪና ሥዕል ይዞራል። አቶ ቬርነር መዞሩን አልወደዱትም። «ስክሪኑስ ዞረ፤ ልጁ እጅ ላይ ያለውን ማን ያዞርለታል?» ይላሉ። የሠራሁትን ሁሉ ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይፈትኑታል፤ ልጅ የሚጫወተው ወለል ላይ ነዋ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እንግዶች አስከትሎ ገባና ተራምዷቸው አለፈ። እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ሰማያዊዋን ቁራጭ እንዳትረግጣት» አሉት።

ቢሯችን አንድ ሕግ አለው፤ ያጠፋ ሰው ዓርብ ጠዋት ለሁላችንም ኬክ ያመጣል። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ኬክ ቤቱን አበልጽጌዋለሁ። አቶ ቬርነር ግን አንድም ቀን አላመጡም። ጡረታ ሳይወጡ የሳቸውን ኬክ መብላት የሕይወቴ ዓላማ ሆኖ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ተሳካልኝ። የድሮ መመሪያዎችን ወደ ታብሌት ሳሸጋግር፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሣሉት የእሳት አደጋ መኪና መመሪያ እጄ ገባ። እርምጃ አሥራ ዘጠኝ ላይ መሰላሉን የምትይዘው ቀይ ማያያዣ የለችም፤ ረስተዋታል። ለቢሮው ሁሉ ላውጅ ስነሳ ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። በሰባት ዓመቴ ይኸው መኪና ነበረኝ። ሰው ፊት ላዋርዳቸው አንጀቴ አልችል አለ። ማያያዣዋን ታብሌቱ ላይ ጨመርኩና ዝም አልኩ።

በመጨረሻው ዓርብ አቶ ቬርነር ኬክ ይዘው መጡ።

«የስንብት ነው?» አልኳቸው።

«የጥፋት ነው። እርምጃ አሥራ ዘጠኝ። ያኔ አንዲት ልጅ ‹መሰላሉ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ በማስቲካ አጣበቅሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው?› ብላ ጽፋልኝ ነበር። ስሟንም አድራሻዋንም ረስታ መልስ የምሰድበት አጣሁ። ሰውን ሁሉ ተመለስ እያልኩ የማስቸግረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት የቋመጥኩለትን ኬክ ሳልጨርስ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«የእንጆሪ ማስቲካ ነበር» አልኳቸው።

ሹካቸውን አስቀመጡ።

«እስቲ» አሉ ወንበር እየሳቡልኝ፣ «አንድ እርምጃ ተመለሺ።»