ጋሽ ቆይ እና አጥንቱ የሚታየው ቦርሳ

በየቤተሰቡ አንድ ተጠራጣሪ አለ። «እኛ ጋ የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የኛ ቤት ተጠራጣሪ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ተረካቢ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ካርቶን እሳቸው ፊት ሳይከፈት፣ ሳይቆጠርና ሳይሸተት ግምጃ ቤት አልገባም። ጡረታው ከፋብሪካው አወጣቸው እንጂ ከተረካቢነቱ አላወጣቸውም። ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል፤ ምንም ነገር ቢቀርብላቸው ቀድሞ ከአፋቸው የሚወጣው «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» ስለሆነ ነው።

ክቡር ጋሽ ቆይ ጃንጥላ ሲገዙ ባልዲ ውሃ ያስመጣሉ። ፍራሽ ሲገዙ አርባ ደቂቃ ተኝተውበታል፤ ከዚያ ሻጩን አስተኝተው በጎን አጎንብሰው አይተውታል። አንድ ሕንፃ ውስጥ «አሳንሰሩ ስምንት ሰው ይይዛል» የሚል ጽሑፍ አነበቡና «ስምንት ምን ዓይነት ሰው?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሚሰጥ ስላልተገኘ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጡ። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው ደግሞ ሐኪሙን «እስቲ መጀመሪያ አንተ አፍህን ክፈት» ብለውታል። የራሱን ያልጠበቀ የሰው አይነካም ነው ነገሩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ሌላው ሰው ይተርተዋል፣ እሳቸው ይኖሩበታል።

ታዲያ ከእኚህ ሰው ጋር ዕቃ ሊገዛ የሚወጣ ጤነኛ ነው ወይ ትሉኛላችሁ። አልወጣሁም፣ ተያዝኩ እንጂ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ሩቅ አገር ሥራ አግኝታለች፤ በወሩ ልትሄድ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች «ስታድጊ የሦስት ቀን የተራራ መንገድ አብረን እንሄዳለን» ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። አደገች። እኔ አንዱን ዓመት በሥራ፣ አንዱን በዝናብ እያሳበብኩ እዚህ ደረስኩ። ካሁን በኋላ የማሳብብበት ዓመት አልቀረኝም።

አንድ ችግር ግን ነበረብኝ፤ ከናንተ አልደብቅም፣ ከነሱ ግን ደብቄው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ማቀዝቀዣ ላነሳ ስታገል የጀርባዬ ዲስክ ተንሸራትቷል። በቅርቡ ሐኪሙ የጀርባዬን የራጅ ፎቶ ብርሃን ላይ ዘርግቶ «መራመድ ይችላሉ፤ እንዲያውም ይራመዱ። ከአምስት ኪሎ በላይ ግን በጀርባዎ እንዳይሸከሙ። ደግሞ ከተንሸራተተ እግርዎን ሊይዘው ይችላል» አለኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴና ልጄ በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። «ምን አለህ?» አለች ባለቤቴ። የልጄን ዓይን አየሁና «ነፃ ነህ አለኝ» አልኩ። ድንኳኑ፣ ምግቡና ውሃው ተደምሮ የኔ ድርሻ ሃያ ኪሎ እንደሚደርስ አሳምሬ አውቃለሁ።

ጋሽ ቆይ ቦርሳ ልገዛ መሆኑን ከእህታቸው ሰሙ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። በአንድ እጃቸው ሜትር፣ በሌላው የሚንጠለጠል ሚዛን ይዘዋል።

«ጋሼ፣ ሱቁ ሜትር የለውም እንዴ?» አልኳቸው።

«አለው። የሱቁ ሜትር የማን ወገን ነው ግን?»

ሱቁ የተራራ ዕቃ ብቻ የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት፤ እስከ ጣሪያው ቦርሳ ተሰቅሎባታል። ባለሱቋ በሠላሳዎቹ ያለች ትዕግሥተኛ ሴት ነች። ብረቱ ጨርቁ ውስጥ የተሰፋውን ዘመናዊ ቦርሳ አወረደችና «አሁን ሰው ሁሉ የሚይዘው ይሄን ነው» አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ብረቱ የታል?»

«ውስጥ ነው አባቴ።»

«ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ጭነቱ ጀርባ ላይ ልጥፍ እንዲል ነው፤ ሚዛን ይጠብቃል።»

«እሱስ ደህና። የሚያፍርበት ነገር ከሌለ ለምን ተደበቀ?»

ባለሱቋ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ መሰላል ላይ ወጥታ ከጥግ አንድ የቆየ ዓይነት አወረደች። የአሉሚኒየሙ ፍሬም ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው፤ ቦርሳው በፒን ተይዞበታል፣ ጀርባ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መረብ ተወጥሯል። የጋሽ ቆይ ፊት በራ። «ይሄ ቢያንስ ለመመርመር ፈቃደኛ ነው» አሉ።

ምርመራው ተጀመረ። ብየዳውን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ፈተሹ፣ ማንገቻውን ጎተቱ፣ የስፌቱን ጫፍ በጥርሳቸው ሞከሩ። ፒኖቹን ቆጥረው «ትርፉስ?» አሉ፤ ትርፍ ፒን በከረጢት መጣላቸው። ፍሬሙን ጆሯቸው ሥር ወስደው ሲነቀንቁት ሲጥ ሲጥ አለ።

«ይጮኻል» አሉ።

«ጭነት ሲበዛበት ትንሽ ድምፅ አለው» አለች ባለሱቋ። «ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ግን ከባድ ነገር ይችላል፤ ጀርባም አየር ያገኛል።»

ጋሽ ቆይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጉድለቱን ለምን ነገረችን? ጠርጥራት» አሉኝ። ከዚያ ወደሷ ዞሩና «ግድ የለም፣ ይጩህ። ሲከብደው የሚናገር ይሻላል፤ ዝም ብሎ ቆይቶ መንገድ ላይ ከሚሰበር» አሉ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ባለሱቋ ለመሞከሪያ የምታስቀምጣቸው አሸዋ የሞሉ አራት ከረጢቶች አሏት፤ «አምስት ኪሎ» ተጽፎባቸዋል። ጋሽ ቆይ አንዱን በራሳቸው ሚዛን ሰቀሉት። አራት ኪሎ ከስምንት መቶ! እንዴት እንደተደሰቱ አትጠይቁኝ። ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። ከዚያ እኔን አቁመው፣ ከአንገቴ ሥር ጎልቶ ከሚወጣው አጥንት እስከ ዳሌዬ ሁለት ጊዜ ለኩኝ። አራቱም ከረጢት ቦርሳው ውስጥ ገባ።

«ክብደቱ ዳሌ ላይ ነው የሚያርፈው፤ የወገብ ቀበቶውን መጀመሪያ ያጥብቁ» አለችኝ ባለሱቋ። «የጀርባ ሕመም የለብዎትም አይደል? ሰውን ሁሉ ነው የምጠይቀው።»

አፌን ስከፍት ጋሽ ቆይ ቀደሙኝ። «አሞት ነበር፣ ድኗል። ሐኪሙ ነፃ ነህ ብሎታል።»

«ወረቀቱን አይተውታል?» አለች። የአሸዋውን ብድር መመለሷ ይመስለኛል።

ጋሽ ቆይ ተቆጡ። «የምን ወረቀት? እሱ ነገረን እኮ! የሱን ቃል እኔ አልመረምርም።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ሐኪም አፍ ያስከፈቱ ሰው፣ አሳንሰር ያላመኑ ሰው፣ በዕድሜያቸው ሳይፈትሹ የተረከቡት እኔን ብቻ ነበር። የተረከቡት ደግሞ ስብራቱን ደብቆ የቆመ ሰው ነው። የያዝኩትን ማንገቻ ለቀቅኩት።

«ጋሼ» አልኩ፤ «ሐኪሙ ነፃ አላለኝም። ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳትሸከም ነው ያለኝ። ልጅቷ ልትሄድብኝ ነው፣ ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ዋሸኋችሁ።»

ጫማ መለኪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እህቴ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ልጅቷስ?»

«እሷም።»

«ተራራው ላይ ብትወድቅ ማን ሊያነሳህ ነበር? እሷ? ከዚያ ሥራዋን ትታ፣ አባቴን ሽባ ያደረግኩት እኔ ነኝ እያለች እንድትኖር ነው?»

ባለሱቋ መደርደሪያውን የምታስተካክል መሰለች። ጋሽ ቆይ ብድግ አሉ፣ ጃኬታቸውን አውልቀው ሰጡኝና ጀርባቸውን ለባለሱቋ አዞሩላት።

«ለኪኝ።»

«እርስዎን?»

«ታዲያ ማን ሊሸከመው ነው?»

«ዕድሜዎ ስንት ነው አባቴ?»

«ስድሳ አራት። ተጠራጠርሽ?»

«ትንሽ።»

«ደግ አድርገሻል» አሉና ቦርሳውን ከነአሸዋው አዝለው ወጡ። ሱቁ ያለበትን ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው ወረዱ፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ሲጥ ሲጥ ሲል ከሱቁ ይሰማናል። ተመልሰው ሲገቡ ላብ በላብ ሆነው «ይሁን» አሉ። ይህችን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ገብተን እውነቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ቆይ አጠገቤ ቆመው ቃል በቃል ተከታተሉኝ፤ ጎደለ ያሉትንም ሞሉበት። ባለቤቴ አለቀሰች። ልጄ ተነስታ ክፍሏ ገባች።

ሄድን ግን። እኔ አራት ኪሎ፣ ልጄ የራሷን፣ ጋሽ ቆይ የቀረውን ሁሉ ይዘን። መንገድ መሪውን ከመነሻው ጀምረው «መንገዱ ይሄ መሆኑን ማን ነገረህ?» እያሉ አላስቀመጡትም። «ሃያ ዓመት ሄጄበታለሁ» ሲላቸው «ተራራውስ ሃያ ዓመት ሙሉ ባለበት ነው?» አሉት። ልጄ የመጀመሪያውን ቀን አኩርፋኝ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ዳገቱ ላይ እጄን ያዘች፤ እስከ ጫፉም አለቀቀችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከኋላችን የጋሽ ቆይ ትንፋሽ ይሰማል፤ «ልርዳዎት» ያላቸውን ሁሉ «ምን ፈልገህ ነው?» ይሉታል።

ልጄ ሄዳለች፤ ደህና ናት። እኔ ግን ሳልፈተሽ የማልፍበትን ዘመን ጨርሻለሁ። ጋሽ ቆይ በየቅዳሜው ጠዋት ይደውላሉ።

«በዚህ ሳምንት ምን አነሳህ?»

«ምንም ጋሼ።»

«እህቴን አቅርብልኝ።»

ባለቤቴ እየሳቀች «እውነቱን ነው ወንድም ጋሼ፣ ምንም አላነሳም» ትልልኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ ሳይጮህ ረፈደ። ጋዜጣ አነበብኩ፣ አበባ አጠጣሁ፣ ስልኩ መሥራቱንም አየሁ። ሰባት ሰዓት ላይ አላስቻለኝም፤ እኔው ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ምነው ዛሬ ሳይጠረጥሩኝ ቀሩ?»