ከራሷ ከሬኒታ እጅ

የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሊያፈስ፣ ኦርጋኑም ሊበላሽ ይችላል፤ «ከራሳችን ሰው ግዙ» የምትል እናት ግን አይጎድለውም። አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ፣ ሬኒታ ቦይኪን በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን፣ ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እማማ ቨርኔል ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም።

ሬኒታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሺአ ከሚባል የአፍሪካ ዛፍ ፍሬ ቅቤ የፀጉር ቅባት ትሠራለች። እማማ ቨርኔል ደግሞ የምእመኑን ራስ ያሸታሉ። እሑድ አምልኮው ሲያልቅ በር ላይ ቆመው የወጣውን ሁሉ ያቅፋሉ፤ እቅፉ ግን ፍተሻ ነው።

«ይሄ የሬኒታ አይደለም» ይላሉ፣ አፍንጫቸውን ከሰው ፀጉር ሳያነሱ። «የሱፐርማርኬት ነው የሚሸተው።»

«አልቆብኝ ነው እኮ፣ እማማ።»

«እሷ ቤቷ አለች። አንቺ እግር የለሽም?»

አንድ ጊዜ እንግዳ ሰባኪ ሊሰናበታቸው ጎንበስ ቢል፣ «ጌታ ይባርክህ፤ ቅባትህን ግን ከማን ነው የምትገዛው?» ብለው አስደነገጡት።

በኢንተርኔት ማዘዝም በእማማ ሕግ ክልክል ነው። «መሃል ላይ ያለው ድርጅት ይበላባታል። ሄዳችሁ በሯን አንኳኩ» ይላሉ። ሕዝቡም አንኳኳ። ሬኒታ ከሥራ ደክሟት ስትመለስ በረንዳዋ ላይ ሰው ይጠብቃታል። አንዱ ጣቱን ብልቃጡ ውስጥ ነክሮ ያሸታል፤ ሌላዋ የምራቷን ክፋት አውርታ አትጨርስም፤ ሦስተኛዋ «በርቺ፣ እንኮራብሻለን» ትልና ሳትገዛ ትሄዳለች። ሬኒታ ምድጃ የምትለኩሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደከማት። አንድ ቅዳሜ ቅባት መሥራቱን ጭራሽ ልትተወው ቆረጠች። ለሌላው ሰው በስልክ መንገር ይበቃል፤ ለእማማ ቨርኔል ግን ቤታቸው መሄድ ነበረባት።

እማማ ሰው አልጠበቁምና በሩን የከፈቱት ዊጋቸውን ሳያደርጉ ነበር። ራሳቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም።

«ምን ያስፈጥጥሻል? ግቢ» አሉ። «ካመመኝ ጀምሮ አልበቀለም።»

«ታዲያ በየጊዜው ከእኔ የሚገዙት ቅባት?»

«ተረከዜን እቀባዋለሁ። የጓዳው በር ሲከፈት ይጮህ ነበር፣ እሱንም ቀባሁት።»

ሬኒታ ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም። እማማ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እናቴም የፀጉር ዘይት ትሠራ ነበር። ሰው ሁሉ ‹እጅሽ ይባረክ› ይላትና ሄዶ ከሱቅ ይገዛል። ምርቃት እየሰማች ተወችው። ስትተወው እንኳ በሯን አንኳኩቶ ‹ምን ሆነሽ ነው?› ያላት አልነበረም። አንቺን ግን ሰው ያስቸግርሽ ብዬ ነው።»

ሬኒታ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቅባት ብልቃጥ አንስታ ከፈተች። እማማን ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ አስቀምጣ፣ እናቷ በልጅነቷ ታደርግላት እንደነበረው እሷ ከኋላ ከፍ ብላ ተቀመጠች። ቅባቱን በመዳፏ አሙቃ ባዶ ራሳቸውን በቀስታ ትቀባ ጀመር። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ትንሽ ቀጥኗል። የሚቀጥለውን ወፈር አድርጊው።»

«እሺ፣ እማማ» አለች ሬኒታ።