ናይትሮጂኑን የበላን ቀን

በሰው አገር አበሻ ባለበት የጋራ አትክልት ቦታ ሁሉ፣ መሬቱ ምን እንደራበው ከመሬቱ ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ክቡር የናይትሮጂን ሚኒስትር ጋሽ እንዳልካቸው ናቸው። የሾማቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

ሰላምታቸው ጤና አይጠይቅም። አጎንብሰው የጎመንዎን የታች ቅጠል ይገለብጣሉ፤ ቢጫ ካዩ ፊታቸው እንደ ለቀስተኛ ይከፋል። "ይሄ መሬት ጾም ላይ ነው" ይላሉ። ከሱቅ ማዳበሪያ ገዝቶ የመጣ ሰው ግን ወዮለት! ዓምና ጎረቤቴ እትዬ ታደለች ዝናብ ሊጥል እያጉረመረመ ቲማቲማቸው ላይ ማዳበሪያ በተኑ።

"ታደለች፣ ለዓሣ ነው የገዛሽው?"

"የምን ዓሣ ጋሼ?"

"ዝናቡ ጠርጎ ወንዝ ሊከተው አይደል!"

ወንዝ ያልወሰደው ቲማቲሙ ላይ ወጣ። ቲማቲሙ ከአጥሩ በላይ ረዘመ፣ ቅጠሉ ጃንጥላ አከለ፣ ፍሬ የሚባል ግን የለም። ሚኒስትሩ ዞረው ዞረው አዩትና "ሳሎን አስገቢው፣ ለእንግዳ ያምራል" አሉ።

እዚሁ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድርያ ክርስትና ተጠርተን ደግሞ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ምግብ ሳይቀርብ ከሱፍ ልብሳቸው ኪስ በናፕኪን የተጠቀለለ የባቄላ ሥር አወጡ። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች ተደርድረዋል። የሕፃኑ እናት ሂዊ ሳህን ይዛ ስትመጣ ደነገጠች።

"ጋሼ፣ ትል ነው እንዴ?"

"ትል? ፋብሪካ ነው ልጄ! ከአየር ናይትሮጂን እየሳበ መሬት ያበላል። በነፃ!"

"ኦኬ ጋሼ፤ ፋብሪካውን ግን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱልኝ።"

ዘንድሮ ነገሩ ከበደ። የእትዬ ታደለች ጎመን ዓምናም ካቻምናም ቢጫ ሆኖ ስለቀረ "በቃኝ፣ ፕሎቱን ካንስል አደርገዋለሁ" አሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ከቤት የሚያወጣቸው ያቺ ቦታ ብቻ ነበረች። ሚኒስትሩ ይህን ያውቃሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለምኑ ሰማኋቸው።

"አንድ ዕድል ስጪኝ። ባቄላ እዘራልሻለሁ። ሲያብብ አጭደን እዚያው እንቀብረዋለን፤ ከዚያ ጎመንሽን ትተክያለሽ።"

ዘሩ። ባቄላው ሊያብብ ሲል ሚኒስትሩ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሆኑና ስፕሪንግፊልድ ልጃቸው ቤት ተኙ። ከዚያ ሆነው በየቀኑ ኮል ያደርጉልኛል።

"አበበ?"

"አብቧል ጋሼ።"

"እጨዱታ!"

"እሺ።"

ያበበ ባቄላ የሚያጭድ አበሻ ከየት ይመጣል? እኔ ለእትዬ ታደለች ነገርኩ፤ እሳቸው "ግፍ ነው" አሉ። አበባው ቋጠረ፣ እሸት ሆነ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ታደለች በነጠላቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ የአትክልት ቦታው ሰው ሁሉ ከበባቸውና እሸት ስንፈለፍል፣ ስንበላ፣ ስንሳሳቅ ዋልን። ክቡርነታቸው በከዘራ እየተደገፉ የደረሱት ይኼኔ ነው።

"ናይትሮጂኑን በላችሁት! ፍሬው ውስጥ እኮ ነው የገባው! ለጎመኑ ምን ሊተርፈው ነው?"

እትዬ ታደለች አፋቸው ሙሉ ነው። "ጎመኑ ይቅር። ይቀመጡ ጋሼ። እኔ እንደሆነ ቦታዬን አልለቅም፤ ለከርሞም ባቄላ ይዝሩልኝ።"

ሚኒስትሩ አንድ እሸት ፈልፍለው ቀመሱ። ዝናብ የሚያዩ መስለው ፊታቸውን ወደ ሰማይ መለሱ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ "ሥሩን እንዳትነቅሉት። አገዳውን ነገ ጠዋት እንቀብረዋለን" አሉ።

ሌላ ጊዜ አትክልት ቦታው ውስጥ መጽሐፌን ይዤ ብቻዬን ልቀመጥ ስል የጋሼን መኪና ካየሁ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የምደበቅ ሰው ነኝ። በማግሥቱ ግን ቀድሜያቸው ደርሼ፣ አካፋ ይዤ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። እያነከሱ መጡ፤ እኔን አላዩም፣ ያዩት እጄን ነው።

"አካፋው ይሄ አይደለም" አሉኝ።

እንዴት ናፍቀውኝ ነበር!